የኢንተርኔት ኩባንያ አክሲዮን «ሊወጣ ነው» ሲባል የሚሳሳቱ ግምቶች

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቼ የሒሳብና የታክስ ሥራ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አንድ የኢንተርኔት ኩባንያ አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር «በወጣበት ዋጋ ገዝቼ በማግስቱ ብሸጠውስ?» ይሉኛል። በዜና የሚነገረው ዋጋ ለእነርሱም የሚደርስ ይመስላቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አይደርሳቸውም።

የመሸጫ ዋጋው የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ በዋዜማው ማታ፣ በኩባንያውና በሚያሻሽጡት ባንኮች ስምምነት ሲሆን፣ አክሲዮኑም በዚያ ዋጋ በአመዛኙ የሰው ገንዘብ ሰብስበው ለሚያስተዳድሩ ትልልቅ ድርጅቶች (ፈንዶች) እና ለባንኮቹ ነባር ደንበኞች ይደለደላል። ተራው ሰው የሚገዛው በማግስቱ ገበያው ሲከፈት፣ ድልድሉ ከደረሳቸው ሰዎች እጅ፣ እነርሱ በሚስማሙበት ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1998 ዘግሎብ ዶት ኮም የተባለው ድርጅት አክሲዮኑን በ9 ዶላር አቀረበ፤ የመጀመሪያው ግብይት በ87 ዶላር ተፈጸመ፤ ቀኑ በ63 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተዘጋ። ዜናው «በአንድ ቀን ሰባት እጥፍ ሆነ» አለ፤ ልክ ነው፤ ነገር ግን ጠዋት በ87 ዶላር የገዛው ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ከገንዘቡ ሩብ በላይ አጥቷል። ጉግል በ2004 አክሲዮኑን በጨረታ መልክ ሲሸጥ ተራው ሰውም በ85 ዶላር ማግኘት ችሎ ነበር፤ ያ ግን የተለመደው አሠራር አይደለም።

አንዲት ደንበኛዬ ለልጇ የኮሌጅ ክፍያ ያሰበችውን የዕቁብ ገንዘብ ስሙን በማልጠቅሰው ኩባንያ ላይ አዋለችው። ትእዛዟ «በገበያ ዋጋ ግዙልኝ» የሚል ብቻ ስለነበር ካሰላችው እጅግ በላቀ ዋጋ ተገዛላት፤ የትምህርት ክፍያው ቀን ሲደርስም ዋጋው ወርዶ ስለነበር በኪሳራ ሸጠች። የምትገዙ ከሆነ የመጨረሻውን ዋጋ ወስናችሁ እዘዙ፤ የመክፈያ ቀን ያለበትን ገንዘብም አታስገቡ።

«ሁሉም የሚጠቀምበት ኩባንያ አይከስርም፤ አክሲዮኑም ከፍ ይላል» ይባላል። ፌስቡክ በሜይ 2012 በ38 ዶላር ሲሸጥ ማን የማያውቀው ነበር? በሴፕቴምበር መጀመሪያ ከ18 ዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ ወደ መሸጫው ዋጋ የተመለሰው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ኡበርም በሜይ 2019 በ45 ዶላር ወጥቶ የመጀመሪያውን ቀን በ41 ዶላር ከ57 ሳንቲም ዘጋ።

«ገንዘባችን ለኩባንያው ማደጊያ ይውላል» የሚለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ በዚያው በፌስቡክ ሽያጭ ከቀረበው አክሲዮን ከግማሽ በላይ የነባር ባለድርሻዎች ነበር፤ የእርሱም ገንዘብ የገባው ወደ እነርሱ ኪስ ነው።

«ርካሽ ነው፤ 10 ዶላር ብቻ ነው» የሚሉም አሉ፤ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ስንት አክሲዮን እንዳለ ካልታወቀ ምንም አይናገርም።

«ወሬው እንደተሰማ ቀድሞ መግባት ነው» የሚሉትን ግን በጣም እፈራላቸዋለሁ። በኦክቶበር 2013 የማኅበራዊ መገናኛው ትዊተር አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ መዘጋጀቱ ሲሰማ፣ ቀድሞ የከሰረ፣ ስሙ በድምፅ ከእርሱ ጋር የሚቀራረብ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ድርጅት አክሲዮን በአንድ ቀን ከአሥር እጥፍ በላይ ዘለለ፤ ሰዎቹ የሚገዙትን አክሲዮን ስም እንኳ በደንብ አላነበቡም ነበር። «ገበያ ሳይወጣ እኔ አስገባሃለሁ» የሚል ሰው ሲመጣም ተጠንቀቁ፤ በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለው የግል ሽያጭ በአብዛኛው የሚፈቀደው ከመኖሪያ ቤታቸው ውጪ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ወይም በዓመት ከ200,000 ዶላር በላይ ገቢ ላላቸው ነው። ኩባንያው ለአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ያቀረበው ሰነድ በኮሚሽኑ ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል፤ የሚሸጠው ማን እንደሆነና ነባሮቹ ባለድርሻዎች መሸጥ የሚፈቀድላቸው መቼ እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከ180 ቀን በኋላ፣ እዚያው ላይ ተጽፏል። ቢሮዬ ስትመጡ እርሱን አንብባችሁ ኑ።