«ከቫዮሊኑ አትቅደም»

ሰሞኑን ፈረንሳይኛ በሚነገርበት የካናዳ ግዛት በኩቤክ፣ ሞንትሪያል ውስጥ በአንድ የሥራ ስብሰባ ላይ አንዲት ወጣት ልትጠይቅ እጇን ስታወጣ፣ ሰብሳቢው «ከቫዮሊኑ አትቅደሚ» አላት። ዝም በይ ማለቱ ነበር። አባባሉ ግን ዜማው ሳይደርስ አትቸኩል ማለት ነው። የኩቤክ ሰዎች አባባሉን ለእንዲህ ዓይነት ነገር ሲያውሉት በሰማሁ ቁጥር ይከነክነኛል። ፈረንሳይ አገርም ይባላል። ሥጋና ደም ያገኘው ግን ኩቤክ ገጠር ነው ባይ ነኝ።

በረዶው ሲበረታና የእርሻ ሥራ ሲቆም፣ ከገና እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ጭፈራ ነበር። ቄሶቹ ቢቆጡም ሰው ይሰበሰባል። ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው የእንጨት ምድጃው ያለበት ወጥ ቤት ነው። ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ይገፋል፤ ቫዮሊን ተጫዋቹ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ከበሮ የለም። እሱ ራሱ በሁለቱም እግሮቹ፣ በተረከዙና በጫማው አፍንጫ፣ የሳንቃውን ወለል ይደበድባል። እጁ ሪል የሚባለውን ፈጣን የጭፈራ ዜማ ይጫወታል፣ እግሩ ምት ይይዛል፣ ዓይኑ ግን ጨፋሪዎቹ ላይ ነው። ሲደክሙ ያያል፤ ሲግሉ ይጨምርላቸዋል።

ሪል የስኮትላንድና የአየርላንድ ዜማ ነው። የኩቤክ ተጫዋቾች ግን የራሳቸው አደረጉት። አንዳንዱን «ጠማማ» ይሉታል፤ አንድ ምት ይጨምራል ወይም ይጎድላል። «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ብሎ በልቡ የሚቆጥር ጨፋሪ እግሩ ባዶ ላይ ያርፋል። መዳኛው ጆሮ ብቻ ነው። አባባሉ የተወለደው እዚህ ይመስለኛል።

«የተሰቀለው ሰው ሪል» የሚሉት ደግሞ አለ። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ስቅላት ለተፈረደበት ሰው ቅኝቱ የተበላሸ ቫዮሊን ሰጥተው «ከተጫወትክበት ነፃ ነህ» አሉት። ተጫወተ፤ ዳነ። ዛሬም ዜማውን የሚጫወቱት ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ የነበሩትን የቫዮሊኑን አራት ክሮች ላ፣ ሚ፣ ላ፣ ዶ ዲየዝ (ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ዶ) አድርገው ይቃኟቸዋል። ሞንትሪያል ውስጥ ታክሲ እየነዳ የኖረው ታላቁ ቫዮሊን ተጫዋች ዣን ካሪኛን (1916–1988) ይህን ሪል ሲጫወት ክሮቹን በጣቱም ይነካካቸው ነበር። ያን ስሰማ የሚታየኝ ሞት ደጁ የቆመበት ያ ሰው ነው። ገመዱ ተንጠልጥሎ እያየ አልቸኮለም። መጀመሪያ እያንዳንዱ ክር ምን እንደሚል አደመጠ። ይህ ታሪክና አባባሉ ከአንድ እናት የተወለዱ ይመስሉኛል፤ ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ ግን ያለኝ ጆሮዬ ብቻ ነው።

እናም እባካችሁ፣ አባባሉን የሰው አፍ መዝጊያ አታድርጉት። የሚጠይቅ ሰው እኮ እያደመጠ ያለ ሰው ነው። ይልቅ ልጅቷ እሺ ሳትል የሠርግ አዳራሽ ለሚከራየው፣ የሌላውን ሐሳብ ሳይሰማ ውሳኔ ጽፎ ለሚመጣው አለቃ በሉት። ለእነሱ ልክ ነው።