የስኳር በሽታ መዘዞችና ዘረመል፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ስኳር ታማሚን ከስኳሩ በላይ የሚያስፈራው መዘዙ ነው። የዓይን መጥፋት፣ የኩላሊት መድከም፣ የእግር መቆረጥ፣ የልብ ሕመም። ግን መዘዙ ሁሉም ላይ አይደርስም። ሁለት ሰዎች በአንድ ዕድሜ ይታመማሉ፣ ሁለቱም ኢንሱሊን ይወጋሉ፣ የስኳር መጠናቸውም ተቀራራቢ ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ አንዱ የኩላሊት እጥበት ይጀምራል፣ ሌላው ምንም አልሆነም። የዘረመል ተመራማሪዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያሳድዱት የኖሩት ይህን ልዩነት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስኳሩ ራሱ ጥፋተኛ መሆኑ አያጠራጥርም። በአሜሪካና በካናዳ ከ1983 እስከ 1993 በተካሄደ ትልቅ ጥናት 1,441 ዓይነት 1 (ሰውነት ኢንሱሊን ማመንጨት የሚያቆምበት ስኳር) ታማሚዎች ተሳትፈዋል። ስኳራቸውን አጥብቀው ከተቆጣጠሩት መካከል የዓይን ጉዳት የመጀመር ዕድል በ76 በመቶ ቀነሰ። የኩላሊቱና የነርቩ ጉዳትም በእጅጉ ወረደ። ስለዚህ “ስኳርህን ተቆጣጠር” የሚለው የሐኪም ምክር መሠረት አለው።

የኩላሊቱ ነገር ግን በዚህ ብቻ አይፈታም። ጉዳቱ የስኳር ክምችት ውጤት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አደጋው በየዓመቱ እየጨመረ መሄድ ነበረበት። በዓይነት 1 ታማሚዎች ላይ የታየው ሌላ ነው። የኩላሊት በሽታ በብዛት የሚጀምረው ስኳሩ ከታወቀ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ሲሆን ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ያን ጊዜ በሰላም ያለፈ ሰው ብዙውን ጊዜ ከኩላሊቱ ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ቦስተን የሚገኘው የጆስሊን የስኳር ማዕከል ከ1970 ጀምሮ 50 ዓመት በኢንሱሊን ለኖሩ ሰዎች ሜዳሊያ ይሰጣል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የከፋ የዓይን ወይም የኩላሊት ጉዳት የላቸውም። ከጉዳቱ ያመለጡትን ካላመለጡት የሚለየውም የስኳር ቁጥጥራቸው ብቻ ሆኖ አልተገኘም።

ወደ ቤተሰብ የጠቆመው ማስረጃ በ1989 ከሚኒሶታ መጣ። ጥናቱ ከአንድ በላይ ስኳር ታማሚ ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች ተመለከተ። አንዱ ኩላሊቱን ከታመመ፣ 83 በመቶ የሚሆኑት ስኳር ታማሚ ወንድሞቹና እህቶቹም የኩላሊት ጉዳት ምልክት ነበራቸው። የመጀመሪያው ኩላሊቱ ደህና በሆነበት ቤት ግን ቁጥሩ 17 በመቶ ብቻ ነበር። እርግጥ ነው፣ አንድ ቤት ያደጉ ልጆች ማዕዳቸውም አኗኗራቸውም አንድ ነው። የልዩነቱ ስፋት ግን ዘር ውስጥ የሆነ ነገር አለ የሚያሰኝ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች የጠረጠሩትን ጂን አንድ በአንድ መርጠው ጥቂት መቶ ሰዎች ላይ ይሞክሩ ነበር። አንዱ ቡድን “አገኘሁ” ሲል ሌላው ያንኑ አጣው። ነገሩን የቀየረው የሰው ብዛት ነው። ከሁሉ የሚጠቀሰው በ1997 በፊንላንድ የተጀመረው ፊንዳያን የተባለው ጥናት ነው። ፊንላንድ ዓይነት 1 ስኳር በዓለም ላይ በብዛት የሚታይባት አገር ናት። በሄልሲንኪው ፎልክሄልሳን የምርምር ማዕከል ፔር-ሄንሪክ ግሩፕ የመሩት ቡድን ከመላ አገሪቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ታማሚዎችን መዝግቦ ደማቸውንና ሽንታቸውን ሰብስቧል፣ ለዓመታትም ተከታትሏቸዋል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ባይኖር ቀጥሎ የመጣው ውጤት ባልተገኘ ነበር።

ውጤቱ በ2019 ታተመ። ፊንዳያንን ጨምሮ የብዙ አገራት ቡድኖች መረጃቸውን አዋጡ፣ 19,406 የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ዓይነት 1 ታማሚዎችም ተጠኑ። ከኩላሊት በሽታ ጋር የተያያዙ 16 የዘረመል ቦታዎች ተገኙ። ጎልቶ የወጣው ኮል4ኤ3 በሚባለው ጂን ውስጥ ያለ ልዩነት ነው።

ይህን ጂን ለመረዳት ኩላሊቱን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። እያንዳንዳቸው የቀጫጭን ደም ሥሮች ጉንጉን ናቸው። ደሙ ከሽንቱ የሚለየው በአንድ ስስ ሽፋን ሲሆን፣ ሽፋኑ እንደ ጠላ ማጥለያ ጨርቅ ውሃውን ያሳልፋል፣ ፕሮቲኑን ያስቀራል። ስኳር ለዓመታት ሲበዛ ይህ ሽፋን ይወፍራል፣ ማጣራቱንም ያበላሸዋል። ኮል4ኤ3 የሽፋኑ ዋና ግብዓት ለሆነው ኮላጅን መሥሪያ መመሪያ ነው። ጂኑ ክፉኛ ሲበላሽ አልፖርት የሚባል ኩላሊትንና ጆሮን የሚጎዳ የዘር በሽታ ያመጣል። በ2019 የተገኘው ልዩነት ግን ከፕሮቲኑ ሕንፃ አንዷን አሚኖ አሲድ ብቻ ነው የሚለውጠው። ለውጡም ይጠቅማል፤ የኩላሊት በሽታን ዕድል በአንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ያደርጋል። የልዩነቱ ባለቤቶች ሽፋን ገና ከሕመሙ በፊት ቀጠን ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ደግሞ ስኳራቸው ከፍ ባለ ሰዎች ላይ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ዘርና ስኳር ለየብቻ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ እየሠሩ ነው።

ስለ ስኳሩ ራሱም ዘረመል ያስተማረን አለ። ጂሲኬ በሚባለው ጂን ላይ ለውጥ ይዘው የሚወለዱ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ስኳራቸው መለስተኛ ከፍታ ላይ ይኖራል። በ2014 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት እነዚህን ሰዎች ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ከፍ ባለ ስኳር ከኖሩ በኋላ መረመራቸው። የከፋ መዘዝ የታየባቸው በጣም ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ ቆይታው ብቻ ሳይሆን የከፍታው ልክ ወሳኝ ነው።

ሌላው ደግሞ ወደ መድኃኒት የሚያደርስ ነው። ኩላሊት ስኳርን ወደ ደም የሚመልስበት ኤስጂኤልቲ2 የሚባል በር አለ። የዚህ በር ጂን ተበላሽቶባቸው የሚወለዱ ሰዎች ስኳር በሽንታቸው ይወጣል፣ ግን አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው። ይህ በሩን መዝጋት ብዙ እንደማይጎዳ አመላከተ። በሩን የሚዘጉት ካናግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን በ2019 እና በ2020 በወጡ ትልልቅ ሙከራዎች የኩላሊት መድከምን አዘግይተዋል።

የፊንላንዱን ውጤት ወደ እኛ ማምጣት ግን ቀላል አይደለም። በ2010 የታወቁትን የአፖል1 ጂን ሁለት ልዩነቶች እንውሰድ። በምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛሉ፣ የእንቅልፍ በሽታ ከሚያመጣው ተሕዋስ ይከላከላሉ። ከእናትም ከአባትም የወረሳቸውን ሰው ግን ለኩላሊት በሽታ ያጋልጣሉ። እንዲህ ያለ ሰው ስኳርም ካለበት የኩላሊቱ ችግር ሁሉ በስኳር ሊሳበብ ይችላል። በኢትዮጵያውያን ላይ ተሠርቶ በ2011 የታተመ ጥናት ግን እነዚህን ልዩነቶች አላገኘም። አሜሪካ ውስጥ ቅጽ ላይ “ጥቁር” የሚለው ሳጥን የጋናውንም የጎንደሩንም ሰው አንድ ያደርጋል፤ ዘረመሉ ግን ይለያቸዋል። የኢትዮጵያውያን ታማሚዎች መረጃ በብዛት ተሰብስቦ እስኪጠና ድረስ፣ ለሌላው የተቆረጠ ልብስ እንድንለብስ እየተጠየቅን ነው።

በዓይንና በነርቭ ላይ ያለው ምርምር ከኩላሊቱ ወደኋላ ቀርቷል። ጥቂት ቦታዎች ተጠቁመዋል፣ ብዙዎቹ በሌላ ጥናት መረጋገጥ አለባቸው።

እስካሁን የተገኙት ልዩነቶች እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ነው የሚያደርጉት። በዚህ የተነሳ የማን ኩላሊት እንደሚደክም አስቀድሞ የሚናገር የዘረመል ምርመራ ክሊኒክ ውስጥ በመደበኛነት አይሰጥም። ይልቅ ይህ ምርምር ከታማሚው ትከሻ ላይ አንድ ሸክም ያወርዳል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው “አልተጠነቀቅክም” ሲባል ኖሯል፤ ብዙ ጊዜ ግን ተጠንቅቆም ነው የታመመው።

በተግባር የሚሠራው የሽንት አልቡሚን (ማጣሪያው ሲጎዳ ወደ ሽንት የሚያመልጥ ፕሮቲን) ምርመራ ነው። ምልክቱ ሳይሰማ ጉዳቱን ያሳያል። ዓይነት 2 (በብዛት በጎልማሶች ላይ የሚታየው ስኳር) ታማሚ በሽታው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ፣ ዓይነት 1 ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመሩ ይመከራል። ስኳር ያለበት ወንድም ወይም እህት ኩላሊቱን ታሞ ከሆነ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ ባይጠይቅም።