ሳይቶካይን ምንድን ነው? ማጅራት ገትር በያዘው ልጅ የጀርባ ፈሳሽ ውስጥስ ምን ይሠራል?

ልጁ ያተኩሰዋል። አንገቱ ደርቋል። ገና ጨቅላ ከሆነ አንገቱ ላይደርቅ ይችላል፤ እሱ እርግብግቢቱ ያብጥና ጡት እምቢ ይላል። ሆስፒታል ይገባል፣ ሐኪሙም "ከጀርባው ፈሳሽ እንውሰድ" ይላል። ቤተሰብ የሚደነግጠው ያኔ ነው። "ሽባ ያደርጋል" የሚለውን ወሬ ያልሰማ የለማ!

ስለዚህ ከዚሁ ልጀምር። መርፌው የሚገባው በታችኛው የወገብ አጥንቶች መሀል ነው፣ ህብለ ሰረሰሩ ካለቀበት ዝቅ ብሎ። እዚያ ያለው ፈሳሽና በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉ የነርቭ ክሮች ናቸው። ልጁ በጎኑ ይተኛል፣ ጉልበቱ ወደ ሆዱ ይታጠፋል፣ አንድ ሰው እቅፍ አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ጥቂት ጠብታ በትንንሽ ብልቃጥ፣ በቃ። ጤነኛው ፈሳሽ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ባክቴሪያ የገባበት ግን ብዙ ጊዜ ደፍርሶ ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል።

ያደፈረሰው ምንድን ነው? በአብዛኛው ባክቴሪያው ራሱ አይደለም። የልጁ የራሱ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ከጨቅላነት ያለፈ ጤነኛ ልጅ በአንድ ማይክሮ ሊትር የጀርባ ፈሳሽ ውስጥ ከ5 የሚበልጥ ነጭ ሴል አይኖረውም። በባክቴሪያ በሚመጣ ማጅራት ገትር ግን በመቶዎችና በሺዎች ይቆጠራሉ። ማን ጠራቸው? እዚህ ላይ ነው ሳይቶካይን የሚመጣው።

ሳይቶካይን ሴሎች እርስ በርስ የሚላላኩበት ትንሽ ፕሮቲን ነው። ሌሊት ቤቷ ሌባ የገባባት ሴት "ኡኡ! የሰፈር ሰው ድረሱልኝ!" ስትል ጎረቤቱ ዱላውን ይዞ ይወጣል አይደል? ሳይቶካይን ያ ኡኡታ ነው። አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን በሸፈነው ስስ ሽፋን አካባቢ የሚጠብቁ ሴሎች የባክቴሪያውን ቁራጭ ሲነኩ ይህን ፕሮቲን ወደ ፈሳሹ ይለቃሉ። መልእክቱን የሚሰማው ደግሞ ለእሱ የሚሆን መቀበያ ገላው ላይ ያለው ሴል ብቻ ነው።

ጩኸቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ቀድመው የሚወጡት ቲ-ኤን-ኤፍ አልፋ እና ኢንተርሉኪን-1 ቤታ ናቸው። ኢንተርሉኪን-6 ይከተላል፤ ከእነዚህ ጋር ሆኖ አንጎል ውስጥ ያለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ ከፍ ያደርገዋል፣ ትኩሳቱ ከዚያ ነው። ኢንተርሉኪን-8 ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ ሴሎች ለይቶ ይጠራል፤ ፈሳሹን የሚያደፈርሱት እነሱ ናቸው። ኢንተርሉኪን-10 ደግሞ በተቃራኒው "በቃ፣ ተረጋጉ" የሚል ሽማግሌ ነው። "ኢንተርሉኪን" የሚለው ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ስዊዘርላንድ ውስጥ በተደረገ የተመራማሪዎች ስብሰባ ላይ ነው፤ "በነጭ የደም ሴሎች መሀል" ማለት ነው። ኋላ ላይ ሌሎች ብዙ ሴሎችም እንደሚሠሩት ታወቀ፣ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ።

ታዲያ ደም መመርመር አይበቃም ወይ? አይበቃም። የሳንባ ምች የያዘው ወይም ወባ የጣለው ልጅም ደሙ ውስጥ ሳይቶካይን ይጨምራል። በደምና በአንጎል መሀል ግን አጥር አለ። የጀርባው ፈሳሽ ውስጥ ሲበዛ ጩኸቱ ከአጥሩ ውስጥ ነው ማለት ነው። ጤነኛ ፈሳሽ ውስጥ ኢንተርሉኪን-6 በአንድ ሚሊ ሊትር ጥቂት ፒኮግራም ቢገኝ ነው፤ ፒኮግራም የአንድ ግራም አንድ ትሪሊዮነኛ ነው። በባክቴሪያ ማጅራት ገትር ወደ ሺዎች ይዘላል፣ በዚያው ሰዓት ከልጁ ደም ውስጥ ካለውም በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል። መንስኤው ቫይረስ ሲሆን ጭማሪው አብዛኛውን ጊዜ ረገብ ያለ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ኡኡታ ሰምቶ በጨለማ የመጣ ጎረቤት ሌባውን ሲያሳድድ አጥር ይጥሳል፣ ጓሮ ይረግጣል። እዚህም እንዲሁ ነው። ሳይቶካይኖቹ የደም ሥሮችን ግድግዳ ያሳሳሉ፣ ፈሳሽ ወደ አንጎል ይሰርጋል፣ አንጎል ያብጣል። ቅሉ አጥንት ነው፣ አይለጠጥም። ብግነቱ በቀጭን መተላለፊያ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ሲደርስ ደግሞ ልጁ የመስማት ችሎታውን ሊያጣ ይችላል። ባክቴሪያው የራሱ መርዝ የለውም እያልኩ አይደለም፣ አለው። ግን ከጉዳቱ ብዙው የሚመጣው ሊያድን ከተነሳው ከልጁ የራሱ መከላከያ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ይሄ ነው እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ።

ሌላም አለ። አንዳንድ አንቲባዮቲኮች ባክቴሪያውን ሲገድሉት ያፈነዱታል፣ ስብርባሪው ፈሳሹ ውስጥ ይበተናል፣ በሰዓታት ውስጥ ጩኸቱ ይብሳል። ዴክሳሜታዞን የሚባለው ጩኸቱን የሚያፍን መድኃኒት ከመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ጋር ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲሰጥ የታሰበው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ዳላስ፣ አሜሪካ ውስጥ በ200 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። ከባድ ወይም መካከለኛ የመስማት ጉዳት ዴክሳሜታዞን ካላገኙት 15.5 በመቶው ላይ ሲደርስ ካገኙት ግን 3.3 በመቶው ላይ ብቻ ደረሰ። የአብዛኞቹ ልጆች መንስኤ ሂብ የተባለው ባክቴሪያ ነበር፣ ዛሬ በፔንታቫለንት ክትባት የምንከላከለው። በ2002 ደግሞ ማላዊ ውስጥ 602 ልጆች የተካተቱበት ጥናት ወጣ። እዚያ ልዩነት አልታየም፣ ሞቱም እኩል ነበር። ከልጆቹ ብዙዎቹ ኤች አይ ቪ ነበረባቸው፣ ዘግይተው የመጡም ነበሩ። ስለዚህ ጩኸቱን ማፈን ሁሉ ቦታ አንድ ዓይነት ውጤት አያመጣም። አንቲባዮቲኩን ማዘግየት ግን የትም ቦታ አይሆንም።

ታዲያ ለምን ሆስፒታሎቻችን ሳይቶካይን አይለኩም? ምክንያቱ ብዙ ነው። ናሙናው ቶሎ መቀዝቀዝ አለበት፣ ለማቆየት ደግሞ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚደርስ ፍሪዘር ያስፈልጋል። ምርመራው 96 ጉድጓድ ባለው ሳህን ላይ ለሰዓታት የሚሠራ ነው፣ አንድ ልጅ አልጋ ላይ እየጠበቀ የሚመች አይደለም። ደግሞም "ከዚህ ቁጥር በላይ ከሆነ ባክቴሪያ ነው" የሚል ሁሉም የተስማማበት መስመር የለም። አንጎል ውስጥ ደም ሲፈስም ኢንተርሉኪን-6 ይጨምራል።

እኔ ግን አንድ ቦታ ላይ ተስፋ አደርግበታለሁ። ልጁ ሆስፒታል ሳይደርስ አንቲባዮቲክ ከጀመረ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያውን ለማሳደግ ሲሞከር ላይበቅል ይችላል። ባክቴሪያው ዝም ቢልም የጠራው ጩኸት ለተወሰነ ጊዜ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። የሳይቶካይን ምርመራ ቀሎና ረክሶ እስኪመጣ ድረስ ሐኪሙ የሚያነበው የሴሉን ብዛት፣ ስኳሩንና ጠቅላላ ፕሮቲኑን ነው። ስለዚህ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ገዝታችሁ አንድ ቀንም ቢሆን ሰጥታችሁት ከሆነ አትደብቁ፣ ማንም አይቆጣችሁም። ብልቃጡን ይዛችሁ ሂዱና ስንት ጊዜ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሰጣችሁት ለሐኪሙ ንገሩት።