ግፊያ የሌለባቸው የአዋሽ በረሃ ከተሞች፤ ከመሀል አዲስ አበባ ለሚነሳ

በዓል ሲረዝም የፒያሳም የካዛንቺስም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቢሾፍቱን፣ ላንጋኖን ወይም ሐዋሳን ነው። ከዚያ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ክፍል ይጠፋል፣ ዋጋው ይወደዳል። በምሥራቅ በኩል ግን የአዋሽን ወንዝ ተከትለው የተቀመጡ የቆላ ከተሞች አሉ። እነሱ ጋ ግፊያ የለም።

የእነዚህ ከተሞች ታሪክ ለገሃር ካለው አሮጌ ባቡር ጣቢያ ጋር የተያያዘ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አዋሽ ሰባት ኪሎም የባቡሩ ልጅ ናት። ጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌ ዳዋሽ የድሮ መንገደኞች ማረፊያ ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሳው ከለገሃር ሳይሆን ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከመድረሱ በፊት ዋናው መንገድ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋውን የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ያቋርጣል። ሳላ የሚባለውን ረጅም ቀንድ ያለው የዱር እንስሳ ለማየት አንዳንዴ የመኪና መስኮት ይበቃል። ፓርኩ ውስጥ ያለው የአዋሽ ፏፏቴ ጋ አዞ ስላለ ወንዙ ውስጥ መግባት አይታሰብም። መታጠብ ያማረው ሰው በሰሜን ጫፍ ወዳለው ፍልውሃ ይሂድ። በዘንባባ የተከበበ፣ ሥሩ ድረስ የሚታይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ውሃ ነው፤ ሙቀቱ ግን ቀላል አይደለም።

ለእኔ ከሁሉም የምትበልጠው አሳይታ ናት። የአውሳ ሱልጣኔት መቀመጫ ነበረች። የአፋር ክልል ዋና ከተማነትንም ለሰመራ እስክታስረክብ ይዛው ቆይታለች። ወደ ኤርታሌና ዳሎል የሚጣደፈው ቱሪስት አብዛኛው ሳያያት ያልፋል፤ ያሳዝናል። ከተማዋ ጫፍ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ፣ በዚያ ሁሉ ደረቅ ምድር መሀል አዋሽ አረንጓዴ እርሻ እያጠጣ ሲጠማዘዝ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ወንዙ ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። የእኛው ቀበናም በአቃቂ በኩል የሚገባው እዚሁ ወንዝ ውስጥ ነው።

የሚሻለው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ክረምት ላይ አሳይታና ሰመራ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በጠዋት ዞሮ እኩለ ቀን ላይ ጥላ መያዝ፣ ውሃ በደንብ መጫን ነው። አፋሮች ሙስሊሞች ስለሆኑ አለባበስን ማስተካከል ተገቢ ነው። በረመዳን ቀን ላይ ምግብ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ሰው ፎቶ ከማንሳት በፊትም ፈቃድ ይጠየቃል።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፓርክ በኩል ባለው ፈንታሌ ተራራ አካባቢ በተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ነዋሪ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ከመነሳት በፊት አዋሽ ላለ ሰው ደውሎ የአካባቢውንና የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ ያስፈልጋል።