ከፎርማት በፊት ራሙን፦ ቤት የተገጣጠመ ኮምፒውተር የማስታወሻ ችግር

አዳማ ውስጥ ኮምፒውተሩ ያስቸገረው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው፤ ያለው ሁሉ ጠፍቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው። ስታክ ካደረገ ፎርማት፣ ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ ፎርማት። ጥፋቱ የራም ከሆነ ግን ፎርማት አይፈይድም። እንዲያውም በታመመ ራም የሚጫን ዊንዶውስ ገና ሲጫን ሊበላሽ ይችላል።

ራም ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው። መብራት ሲሄድ ባዶ ይሆናል። ፋይሉም ፕሮግራሙም በእሱ በኩል ስለሚያልፍ፣ አንዲት ቢት (ትንሿ የመረጃ ቅንጣት) ብትሳሳት ጣጣው የት እንደሚወጣ አይታወቅም። ዛሬ ብራውዘሩ ይዘጋል፣ ነገ ጌሙ። ከነገ ወዲያ ዚፕ ፋይል አልፈታም ይላል፤ ያው ፋይል ደግማችሁ ስትሞክሩት ደህና ይሆናል። አንድ ፕሮግራም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ፕሮግራሙን ጠርጥሩ። ቦታ እየቀያየረ የሚወድቅ ከሆነ ራሙን።

ከናካቴው ዲስፕሌይ የማያመጣም አለ። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ትንሽ ስፒከር ያለው ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) በጩኸት ይናገራል፤ የጩኸቱ ትርጉም ግን እንደ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ሠሪ ይለያያል። ብዙዎቹ አዳዲሶች «ድራም» የሚል ጽሑፍ አጠገብ ትንሽ መብራት ያበራሉ። ዲዲአር5 በሚባለው የራም ትውልድ ላይ ግን አትደንግጡ። አዲስ ራም ሲገባ ማዘርቦርዱ እስኪላመደው ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። እዚህ መሀል ሶኬት የነቀለ ሰው ሥራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል።

አንዳንዴ ደግሞ ብልሽት የሌለበት ችግር ያጋጥማል። 8 ጊጋባይት ተገዝቶ ኮምፒውተሩ ከ4 በታች ብቻ ከተጠቀመ፣ የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ሊሆን ይችላል። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ወይም ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ግራፊክስም (ምስል የሚያወጣው ክፍል) ከራሙ ለራሱ ትንሽ ይቆርጣል።

ሲገዛ ትውልዱን ማየት ግድ ነው። ዲዲአር3 በመደበኛው 1.5 ቮልት ይሠራል፣ ዲዲአር4 በ1.2፣ ዲዲአር5 በ1.1። ከሥሩ ያለችው ክፍተት በሦስቱም ቦታዋ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት (መሰኪያ) አይገባም። በጉልበት የሚሞክር ግን አይጠፋም። በዲዲአር3 እና በዲዲአር4 ተንኮለኛው ሬጅስተርድ የሚባለው የሰርቨር ራም ነው። ዋጋው ይማርካል፣ ስሎቱም ውስጥ ልክክ ይላል፣ የቤት ማዘርቦርድ ግን አያስነሳውም። እኔም ርካሽ ነው ብዬ ዘልዬ ገዝቼ ሁለት ቀን ሙሉ ፓወር ሰፕላዩን ስጠረጥር ከርሜያለሁ።

ከተማዋም የራሷ ድርሻ አላት። አዳማ ነፋሻ ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2015 ሥራ የጀመሩት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ አንዱ 51 ሌላው 153 ሜጋ ዋት፣ አጠገቧ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ያው ነፋስ አቧራውን በመስኮት አስገብቶ ኬዝ ውስጥ ያከማቸዋል። አቧራ ፋኑን ሲያፍነው ሙቀት ይጨምራል፣ ሲሞቅ ደግሞ በቋፍ ያለ ራም መሳሳት ይጀምራል። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት የሚያስቸግር ኮምፒውተር ካላችሁ ይህን አስቡ። የመብራት መምጣትና መሄድም አለ። መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን መንቀል ጥሩ ልማድ ነው።

ወደ ፍተሻው እንግባ። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጫኑ። የቀረው ኃይል ይወጣል። እጃችሁን የኬዙ ብረት ላይ ነካ አድርጉ፤ በተለይ በበጋው ደረቅ አየር ሰውነት ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ቺፕ ይገድላል። ራሙን አውጡና የወርቃማ ጥርሶቹን መልክ እዩ። ከጠቆሩ በለስላሳ ላጲስ ቀስ ብሎ ማሸት የቆየ የጠጋኞች ዘዴ ነው። ፍርፋሪው ግን ስሎቱ ውስጥ እንዳይገባ፣ በአልኮል ጠረግ አድርጉና ይድረቅ። መልሳችሁ ስትሰኩ ማቀፊያው «ቀጭ» እስኪል ተጫኑት። ከማውቃቸው «የተበላሹ» ራሞች ብዙዎቹ በደንብ ያልተሰኩ ነበሩ።

ካልተሻለው አንዱን ብቻ አስቀሩ። አራት ስሎት ባለው አብዛኛው ማዘርቦርድ ለአንድ ራም የሚመረጠው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛው ነው፤ ለሁለት ከሆነ ሁለተኛውና አራተኛው። መጀመሪያ አንዱን ራም ሞክሩ፣ ከዚያ በዚያው ስሎት ሌላውን። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የራሙ ነው። ስሎቱ ላይ ከቀረ ግን ማዘርቦርዱን ወይም ፕሮሰሰሩን ጠርጥሩ፤ የራሙ ተቆጣጣሪ ዛሬ ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነውና። የታጠፈ የፕሮሰሰር ሶኬት ፒን ከራሙ ጋር የሚገናኝበትን አንዱን መስመር (ቻናል) ሊያጠፋ ይችላል። ከልክ በላይ ጠብቆ የታሰረ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣም እንዲሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሦስት ነገር ቀይሮ «ተስተካከለ» ያለ ሰው ምኑ እንደነበረ አያውቅም።

ኮምፒውተሩ የሚነሳ ከሆነ ሜምቴስት86 ፕላስ የሚባል ነፃ የራም መፈተሻ ፕሮግራም አለ። ፍላሽ ላይ ተጭኖ ያለ ዊንዶውስ ይነሳል። አንድ ዙር እንደ ራሙ መጠን ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፣ የሚሻለው ሌሊት ማስኬድ ነው። ሌሊት መብራት ከሄደ፣ ያው ነው፣ እንደ አዲስ። ስህተት የምታሳይ አንዲት ቀይ መስመር እንኳ ከታየች «ትንሽ ናት» አይባልም። ግን ራሙን ከመጣላችሁ በፊት ባዮስ ግቡና ኤክስኤምፒን ወይም ኤክስፖን አጥፉ። እነዚህ ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥኑ ቅንብሮች ናቸው። ሲጠፉ ስህተቱም ከጠፋ ራሙ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው የበዛው። ከተለያየ ሱቅ ተለቃቅመው አንድ ላይ የተሰኩ ራሞች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ባዮስ መግባት ካቃተ ደግሞ ገመዱን ነቅሎ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን የሰዓት ባትሪ፣ ሲአር2032ን፣ ጥቂት ደቂቃ ማውጣት ቅንብሩን ወደ ፋብሪካው መነሻ ይመልሳል።

ቺፑ በእውነት ከሞተ ቤት ውስጥ አይጠገንም፣ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው ፈጣን መንገድ አዲስ አበባን ቢያቀርባትም፣ የማይሠራ ራም ይዞ መመለስ የቀንም የብርም ኪሳራ ነው። ያገለገለ ራም ልገዛ ስሄድ ሜምቴስት ያለበትን ፍላሽ ኪሴ ከትቼ ነው። ሻጩ እዚያው ለግማሽ ሰዓት «ሞክረው» ካለኝና ስህተት ካልታየ እገዛለሁ፤ «እኔን እመነኝ» ካለ አመስግኜ እወጣለሁ።