የለጋሽ መቅኔ ተቀባዩን ሲያጠቃ

ኩላሊት በተተከለለት ሰው ላይ ሐኪሞች የሚሰጉት ሰውነቱ ኩላሊቱን አልቀበልም እንዳይል ነው። እንደ ደም ካንሰር ላሉ ሕመሞች ሕክምና ከለጋሽ በሚወሰድ መቅኔ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የተተከለው ራሱ ተቀባዩን አልቀበልም ይላል። መቅኔ የደም ሴሎች መፍለቂያ ስለሆነ፣ ደም ከሚሠሩት ስቴም ሴሎች ጋር የለጋሹ ቲ ሴሎችም አብረው ይገባሉ። ባዕድን ለይቶ ማጥቃት ሥራቸው የሆነው እነዚህ ሴሎች የተቀባዩን ቆዳ፣ አንጀትና ጉበት እንደ ባዕድ ያያሉ። በዚህ የሚመጣው ሕመም በሕክምናው ዓለም በምህጻረ ቃል ጂቪኤችዲ ይባላል።

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሩፐርት ቢሊንግሃም እ.ኤ.አ. በ1966 ሕመሙ እንዲነሳ ሦስት ነገሮች መገናኘት እንዳለባቸው ገልጿል። የተሰጠው ነገር ማጥቃት የሚችሉ ሴሎች ሊኖሩበት፣ ተቀባዩ ለጋሹ የሌለው የሕብረ ሕዋስ ምልክት ሊኖረው፣ የመከላከል አቅሙም ተዳክሞ እንግዶቹን ሴሎች ማስወገድ ሊሳነው ይገባል። ሦስቱ ታማሚ ተራ ደም ሲሰጠውም ሊገጥሙ ይችላሉ። የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ታማሚዎች የሚሰጠው ደም አስቀድሞ በጨረር የሚታከመውም በውስጡ ያሉት ቲ ሴሎች እንዳይራቡ ነው።

ለጋሽ ሲፈለግ ዋናው መመዘኛ በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ያሉት፣ ዋና ዋናዎቹን የሕብረ ሕዋስ ምልክቶች የሚወስኑት የኤች ኤል ኤ ጂኖች ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ ግማሹን ከአባት፣ ግማሹን ከእናት ስለሚወርስ፣ አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው 25 በመቶ ነው። መግጠሙ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፤ ኤች ኤል ኤ ውስጥ የማይቆጠሩ ጥቃቅን ልዩነቶችም አሉ። ለምሳሌ የወንድ ሴሎች ከዋይ ክሮሞዞም የሚመነጩ ፕሮቲኖች አሏቸው፤ በእርግዝና ምክንያት እነዚህን የለመዱ የሴት ለጋሽ የመከላከያ ሴሎች ወደ ወንድ ሲገቡ አደጋው ከፍ ይላል።

ጂቪኤችዲ አጣዳፊና ሥር የሰደደ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። አጣዳፊው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከንቅለ ተከላው በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይነሳል። ቀድሞ የሁለቱ መለያ 100ኛው ቀን ነበር፤ ዛሬ ግን ከቀኑ ይልቅ የሚታየው የምልክቱ ጠባይ ነው። በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በጆሮ አካባቢ ሽፍታ ይወጣል፣ ጉበት ሲነካ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው አንጀት ሲያዝ ነው። አዋቂ ታማሚ በቀን ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ተቅማጥ ከወጣው ለሕመሙ የክብደት ደረጃ ይሰጠዋል፤ ከ1,500 ሲያልፍ ከባድ ነው። ነርሶች ተቅማጡን በመለኪያ የሚሰፍሩት ለዚህ ነው። ለታማሚው የሚያሳቅቅ ቢሆንም መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ በዋናነት የሚታየው በዚያ ቁጥር ነው።

ሥር የሰደደው ዓይነት ሌላ መልክ አለው። የእንባ እጢዎች ደርቀው ዓይን አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራል፣ አፍ ይቆስላል፣ ቆዳ ጠንክሮ መገጣጠሚያ አልዘረጋ ይላል። በሳንባ ውስጥ ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች በጠባሳ ሲዘጉ ታማሚው መጀመሪያ ላይ ላይታወቀው ይችላል። ጠባሳው ወደ ኋላ ስለማይመለስ የትንፋሽ ምርመራው ሳያመውም በየጊዜው ይደገማል።

ታዲያ ቲ ሴሎቹ ለምን ከመቅኔው ተጣርተው አይወጡም? ተሞክሯል፤ ጂቪኤችዲው ቀነሰ፣ የደም ካንሰሩ ግን በብዛት ተመለሰ፣ መቅኔውም ሳይዝ የሚቀርበት አጋጣሚ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከ2,000 በላይ ታማሚዎችን አይቶ የታተመ ጥናት ካንሰሩ ከተመሳሳይ መንትያ መቅኔ በወሰዱት ላይ ይበልጥ እንደሚያገረሽ፣ ጂቪኤችዲ በያዛቸው ላይ ደግሞ እንደሚቀንስ አሳየ። ቆዳውን የሚያቆስሉት ሴሎች የተረፈውን ካንሰር የሚያጸዱትም ናቸው። ካንሰር ለሌለበት ታማሚ፣ ለምሳሌ መቅኔው ደም ማምረት ላቆመበት ሰው፣ ጂቪኤችዲ ምንም ትርፍ የለውም፤ ሕመሙን የመከላከሉ ጥረትም በዚያው ልክ ይጠነክራል።

ሕመሙን ለመከላከል ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት ከሳይክሎስፖሪን ወይም ከታክሮሊመስ ጋር ተጣምሮ ነው። በኋላ የመጣው ስልት ደፋር ነው፦ መቅኔው ከተሰጠ በ3ኛውና በ4ኛው ቀን ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለው ጠንካራ የካንሰር መድኃኒት ይሰጣል። ለጥቃት የተነሱትን ሴሎች ሲመታ፣ መድኃኒቱን የሚያከሽፍ ኢንዛይም በብዛት ያላቸው ስቴም ሴሎች ይተርፋሉ። ግማሽ ብቻ ከሚገጥም ወላጅ ወይም ልጅ መውሰድ የተስፋፋው በዚህ ነው። ሕመሙ ከተነሳ ግን ቀዳሚው መድኃኒት ስቴሮይድ ነው፤ እሱ ካልሠራ ሩክሶሊቲኒብ ይከተላል።

እነዚህ መድኃኒቶች የሰውነትን የመከላከል አቅም ሲያፍኑ ኢንፌክሽን በር ያገኛል። በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የቆየው ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ሊቀሰቀስ፣ አስፐርጂለስ የተባለው ሻጋታ ሳንባ ሊያጠቃ ይችላል። በልጅነት የተወሰዱ ክትባቶች ጥበቃም ስለሚጠፋ ታማሚው እንደ ሕፃን እንደገና ይከተባል፤ እንደ ኩፍኝ ያሉ ሕያው ክትባቶች ግን ከንቅለ ተከላው በኋላ 2 ዓመት ሳይሞላና መከላከያ አፋኝ መድኃኒቶቹ ሳይቆሙ አይሰጡም።