ያያ ቱሬ፦ ከራሱ ግብ ክልል እስከ ተቃራኒው መረብ

ያያ ቱሬ አፍሪካ ካፈራቻቸው አማካዮች ሁሉ ከፊተኛው ረድፍ የሚቆም ኮትዲቯራዊ ነው። ከ2011 እስከ 2014 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋችነትን አራት ጊዜ በተከታታይ ወስዷል። ከእርሱ በፊት ሽልማቱን አራት ጊዜ ያገኘው ካሜሩናዊው ሳሙኤል ኤቶ እንኳ አራቱን በተከታታይ አላነሳም። ያያ ምን ዓይነት አማካይ ነበር ለሚለው ጥያቄ ግን አጭር መልስ የለም። በአንዱ ክለብ ከተከላካዮች ፊት የቆመ ዘብ፣ በአንድ ትልቅ ፍጻሜ የመሃል ተከላካይ፣ በሌላው ክለብ ደግሞ እንደ አጥቂ ግብ የሚያዘንብ ነበር። እኔ የእግር ኳስ ሕይወቱን የማነበው ከዋንጫዎቹ ቁጥር ይልቅ፣ አሰልጣኞቹ ከራሱ ግብ ምን ያህል እንዲርቅ እንደፈቀዱለት በመመልከት ነው።

የተወለደው ሜይ 13 ቀን 1983 (በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 5 ቀን 1975) በኮትዲቯር መካከለኛ ክፍል በምትገኘው ቡዋኬ ከተማ ነው። ታላቁ ኮሎ እና ታናሹ ኢብራሂምም ኳስ ተጫዋቾች ሆነዋል። የያያ እውነተኛ ትምህርት ቤት አቢጃን የሚገኘው የአሴክ ሚሞዛ ክለብ አካዳሚ ነበር። ፈረንሳዊው ዣን ማርክ ጊዩ በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሠረቱት ይህ ተቋም ከጉልበት ይልቅ ኳስን ገርቶ ማሳደርን፣ ቀና ብሎ ማየትንና አጭር ቅብብልን ያስቀድም ነበር። ኮሎ ቱሬ፣ ዲዲየር ዞኮራ፣ አሩና ዲንዳን፣ ኢማኑኤል ኢቡዬ፣ ሰሎሞን ካሉና ዤርቪኞ ሁሉም ከዚያው የወጡ ናቸው። አንድ አካዳሚ ለአንድ አገር አንድ ሙሉ ትውልድ ሲሰጥ በአፍሪካ ብዙ ጊዜ አልታየም።

ጊዩ በቤልጂየሙ ቤቨረን ክለብም ድርሻ ስለነበራቸው፣ የአካዳሚው ልጆች ወደ አውሮፓ የሚሻገሩት በዚያ በር ነበር። ያያም በ2001 በዚሁ መንገድ ተጓዘ። በ2003 ኮሎ ወደሚጫወትበት አርሰናል ለሙከራ ሄዶ ከባርኔት ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ተሰልፏል። አሰልጣኙ አርሴን ቬንገር ያን ቀን ያሰለፉት ከፊት፣ ከአጥቂው ጎን ነበር፤ ብቃቱም አላስደነቃቸውም። የሥራ ፈቃዱ ጉዳይም ስለተጓተተ ወጣቱ መጠበቅ ሰልችቶት ወደ ዩክሬኑ ሜታሉርህ ዶኔትስክ አቀና። ከዚያ በ2005 ግሪክ ገብቶ ከኦሎምፒያኮስ ጋር ሊጉንና የጥሎ ማለፉን ዋንጫ በአንድ ዓመት አነሳ። ቀጥሎ በሞናኮ አንድ የውድድር ዘመን ከቆየ በኋላ በ2007 የባርሴሎና በር ተከፈተለት።

ባርሴሎና ውስጥ ሥራው ሌሎች እንዲያበሩ ከኋላ ሆኖ መጠበቅ ነበር። ዣቪና ኢኒየስታ ወደፊት ሲሄዱ እርሱ ይቀራል፤ ኳስ ሲነጠቅ መጀመሪያ የሚደርሰው እርሱ ነው። ሆኖም ሜይ 13 ቀን 2009፣ 26ኛ ዓመቱን በደፈነበት ዕለት፣ በቫሌንሺያ በተደረገው የንጉሥ ዋንጫ ፍጻሜ ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። ባርሴሎና በአትሌቲክ ቢልባኦ 1 ለ 0 ሲመራ ያያ ከመሃል ሜዳ ኳስ ይዞ ተከላካዮችን እያለፈ ገሰገሰና ከርቀት መትቶ አቻ አደረገ። ጨዋታው 4 ለ 1 አለቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሮም ላይ በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ በጉዳትና በቅጣት ተከላካዮች ስለጠፉ፣ አሰልጣኙ ፔፕ ጓርዲዮላ ከፒኬ ጎን በመሃል ተከላካይነት አሰለፈው። ማንቸስተር ዩናይትድ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ቡድኑ በዚያ ዓመት ስድስት ዋንጫ ሰበሰበ። ነገር ግን በእርሱ ቦታ ወጣቱ ሰርጂዮ ቡስኬትስ እየተመረጠ መጣና ያያ ተቀያሪ ወንበር ላይ መቀመጥን ለመደ።

በ2010 ክረምት በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሲዛወር ኮሎ አንድ ዓመት ቀድሞት እዚያ ነበር። ደመወዙ የእንግሊዝ ጋዜጦችን አነጋገረ፤ ለተከላካይ አማካይ ይህ ሁሉ ገንዘብ ለምን ይከፈላል የሚሉ ብዙ ነበሩ። የሲቲው አሰልጣኝ ሮቤርቶ ማንቺኒ ግን ሌሎች ያላዩትን አይተው ነበር። ቁመቱ 1.88 ሜትር ገደማ የሆነ፣ አንዴ ከተንደረደረ የማይቆም፣ ኳሱንም እንደ ትንሽ ቴክኒሻን የሚይዝ ሰው ከኋላ ታስሮ መቅረት የለበትም። ወደፊት አስጠጉት። በኤፕሪል 2011 በእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ (ኤፍ ኤ ካፕ) ግማሽ ፍጻሜ የማይክል ካሪክን ኳስ ነጥቆ፣ ተከላካዩን ቪዲችን አልፎ፣ በግብ ጠባቂው በቫን ደር ሳር እግሮች መካከል አሳልፎ ዩናይትድን አሰናበተ። ሜይ 14 ቀን በፍጻሜው ስቶክ ሲቲን ያሸነፈችውን ብቸኛ ግብም ያስቆጠረው እርሱ ነው። ሲቲ ለ35 ዓመታት ትልቅ ዋንጫ አላነሳም ነበር።

ከቀጣዩ ዓመት ሰዎች የሚያስታውሱት በመጨረሻዋ ደቂቃ ተቆጥራ የሊጉን ዋንጫ ያስገኘችውን የአጥቂውን የሰርጂዮ አጉዌሮን ግብ ነው። እኔ ግን ከሳምንት በፊት በኒውካስል ሜዳ የሆነው ይበልጥ ሊነገርለት ይገባል እላለሁ። ጨዋታው ያለ ግብ እያለ ማንቺኒ አጥቂ አማካዩን ሳሚር ናስሪን አስወጥተው ተከላካይ አማካዩን ናይጄል ዴ ዮንግን አስገቡ። ግብ የግድ በሚያስፈልግበት ሰዓት ተከላካይ ማስገባት ለተመልካች ግራ ያጋባል። ቅያሪው ግን ያያን ከኋላ ሥራው ነፃ ለማውጣት ነበር፤ ወደፊት የተለቀቀው ያያም ሁለቱን ግቦች አስቆጥሮ 2 ለ 0 አሸነፉ። በመጨረሻው የኪው ፒ አር ጨዋታ፣ ሜይ 13 ቀን 2012፣ አሁንም በልደቱ ቀን፣ ለፓብሎ ዛባሌታ የመጀመሪያዋን ግብ አመቻችቶ ሰጥቶ በጉዳት ከእረፍት በፊት ወጣ። ከ44 ዓመት በኋላ የመጣው የሊግ ዋንጫ ከአጉዌሮ ግብ ጋር የእነዚህም ሰዓታት ውጤት ነው።

በ2013/14 በአሰልጣኝ ማኑኤል ፔሌግሪኒ ሥር የሠራው ደግሞ እስካሁን ያስገርመኛል። በፕሪሚየር ሊጉ ብቻ 20 ግብ አስቆጠረ። ከእርሱ በፊት በአንድ የውድድር ዘመን እዚያ የደረሰ አማካይ ፍራንክ ላምፓርድ ብቻ ነበር። ከቅጣት ምት፣ ከፍጹም ቅጣት ምት፣ ከሩቅ፣ ግማሽ ሜዳ ሮጦም አስቆጠረ። በሊግ ካፕ ፍጻሜ ሰንደርላንድ 1 ለ 0 እየመራ ሳለ ከርቀት ሳያቆም ጠምዝዞ ወደ ላይኛው ጥግ የላካት ኳስ ለእኔ የዚያ ዓመት ውቧ ግብ ናት። ግብ ጠባቂው በዓይኑ ከመሸኘት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሲቲ የፕሪሚየር ሊጉንም የሊግ ካፑንም ዋንጫ ወሰደ።

በዚያው የውድድር ዘመን፣ በኦክቶበር 2013፣ ሞስኮ ላይ ከሲኤስካ ጋር ሲጫወቱ ያያ የቡድኑ አምበል ነበር። ከተመልካች የዝንጀሮ ድምፅ ሲሰማ ለዳኛው ነገረ፤ ከጨዋታው በኋላም ዝም አላለም። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር የሲኤስካን ስታዲየም የተወሰነ ክፍል በመዝጋት ቀጣ። በዚያው ወር የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆኖ የዝሆኖችን ሕገ ወጥ አደን መቃወም ጀመረ። ብሔራዊ ቡድኑ «ዝሆኖቹ» ለሚባል ተጫዋች የተገባ ሥራ ነው።

ጓርዲዮላ በ2016 ወደ ማንቸስተር ሲመጡ የባርሴሎናው ታሪክ የተመለሰ መሰለ። የያያ ወኪል በአሰልጣኙ ላይ በአደባባይ በተናገረው ምክንያት ተጫዋቹ ለሳምንታት ከቡድኑ ተገለለ። በኖቬምበር ያያ ይቅርታ ጠየቀ፤ ወደ ሜዳ በተመለሰበት ቀንም ክሪስታል ፓላስ ላይ ሁለት አስቆጥሮ ቡድኑን 2 ለ 1 አሸናፊ አደረገ። በሜይ 2018 በ316 ጨዋታ 79 ግቦች አስመዝግቦ ከሲቲ ተሰናበተ። በኦሎምፒያኮስ ለጥቂት ወራት፣ በቻይናው ቺንግዳኦ ሁዋንግሃይም በ2019 ተጫውቶ ቡድኑ ወደ ከፍተኛው ሊግ ሲያድግ አብሮ ነበር። ከዚያ በቶተንሃም ታዳጊዎችን አሰልጥኗል፤ በሳዑዲ አረቢያ ብሔራዊ ቡድን ደግሞ የቀድሞ አለቃው የማንቺኒ ረዳት ነበር።

የአገሩ ማሊያ ግን ለረጅም ጊዜ እንባ ብቻ ነበር የሰጠው። አጥቂው ዲዲየር ድሮግባ፣ ዞኮራ፣ ኢቡዬና ሁለቱ ቱሬዎች ያሉበት ቡድን በ2006 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ካይሮ ላይ በግብፅ በመለያ ምት ተሸነፈ። በ2012 ሊብረቪል ላይ በውድድሩ አንድም ግብ ሳይቆጠርበት ፍጻሜ ደርሶ በዛምቢያ እንደገና በመለያ ምት ተረታ፤ ከሳቱት አንዱ ኮሎ ነበር። በሦስት የዓለም ዋንጫዎችም ከምድቡ ማለፍ አልቻለም። የ2014ቱ ከሁሉ ከፋ። ጁን 19 ቀን፣ ኮትዲቯር ብራዚል ውስጥ ከኮሎምቢያ ጋር በተጫወተችበት ዕለት፣ የ28 ዓመቱ ኢብራሂም ማንቸስተር ውስጥ በካንሰር አረፈ። ወንድማማቾቹ መርዶውን ሰምተው ከቡድኑ ጋር ቆዩ፤ ያያም በግሪኩ ጨዋታ ተሰለፈ። ግሪክ በባከነ ሰዓት በተሰጠ ፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈች።

ድሮግባ ከብሔራዊ ቡድን ሲሰናበት አምበልነቱ ለያያ ደረሰ። በ2015 ኢኳቶሪያል ጊኒ ላይ በግማሽ ፍጻሜው ኮንጎ ዴሞክራቲክን 3 ለ 1 ሲያሸንፉ የመጀመሪያዋን ግብ በኃይለኛ ምት አስቆጠረ። ፌብሩዋሪ 8 ቀን ባታ ከተማ በተደረገው ፍጻሜ የገጠሟት ጋና ነበረች፤ ኮትዲቯር በ1992 የመጀመሪያ ዋንጫዋን ስታነሳም ዳካር ላይ በመለያ ምት 11 ለ 10 ያሸነፈችው ይህችኑ ጋናን ነው። አሁንም ያለ ግብ ተጠናቆ ወደ መለያ ምት አመራ። ኮትዲቯር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምቶች ሳተች። ያያ የራሱን አስቆጠረ። ሊብረቪል ላይ የሳተው ኮሎም በዚህ ሌሊት አልሳተም። በመጨረሻ ተራው ለሁለቱ ግብ ጠባቂዎች ደረሰና፣ እንደ ቱሬዎቹ ሁሉ በአሴክ ያደገው ቡባካር ባሪ የጋናውን ግብ ጠባቂ ምት አድኖ የራሱን አስቆጠረ፤ 9 ለ 8። ዋንጫውን አምበሉ ያያ ተቀበለ። ኢብራሂም ካረፈ ገና ስምንት ወር አልሞላም ነበር።